ከውድድር ወቅት ውጪ ያለ ሥልጠና፦ ለባቲና አካባቢዋ የፈንክሽናል ፊትነስ ስፖርተኞች

ፈንክሽናል ፊትነስ ክብደት ማንሳትን፣ ሩጫንና የጂምናስቲክ እንቅስቃሴዎችን በአንድ ውድድር የሚያጣምር ስፖርት ነው። በዘርፉ በስፋት የሚታወቁት የክሮስፊት ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የተጀመሩ ሲሆን፣ ኦፕን የተባለው የመጀመሪያ ማጣሪያ በአብዛኛው በየካቲት ወር ይከፈታል። ተወዳዳሪው ባለበት ከተማ ሆኖ ውጤቱን በኢንተርኔት ስለሚልክ የባቲ ወጣት ለማጣሪያው ሲባል ከአካባቢው መራቅ አይጠበቅበትም።

አብዛኛው ተሳታፊ ከኦፕን አልፎ አይሄድም። ስለዚህ ውድድሩ የሚቆየው ለሦስት ሳምንታት ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪዎቹ አሥራ አንድ ወራት ገደማ የዝግጅት ጊዜ ናቸው። በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው ዋነኛ ስሕተት ዓመቱን ሙሉ እንደ ውድድር ቀን በሙሉ ኃይል መሥራት ነው። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሊጠነክር ይችላል፤ ጅማት ግን ከክብደት ጋር የሚላመደው በወራት ነው። ዕረፍት የማያውቅ አትሌት ትከሻውን ወይም ጉልበቱን የሚጎዳው በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። በውድድር መካከል መራቅ ብቃትን ያጠፋል የሚል ሥጋት ላደረበት ደራርቱ ቱሉን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ በ1998 ልጅ ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ ያንኑ ወርቅ ዳግም አግኝታለች።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከመጋቢት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ባር የማይነካባቸው፣ በእግር ጉዞና በቀላል እንቅስቃሴ የሚያልፉ ይሁኑ። አትሌቱ በእነዚሁ ሳምንታት የኦፕን ውጤቱን መርምሮ እጅግ ዝቅ ያለበትን አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጥ። አምስት ድክመት በአንድ ጊዜ ለማረም የሚነሣ ሰው በዓመቱ መጨረሻ አምስቱንም ይዞ ይገኛል።

ቀጣዩን ጊዜ በአየሩ መከፋፈል ይጠቅማል። ባቲ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ግንቦትና ሰኔ እጅግ ይሞቃሉ። በእነዚህ ወራት ረጅም ሩጫን ትቶ በማለዳና በጥላ ሥር እንደ ስኳትና ዴድሊፍት ባሉ ከባድ ማንሳቶች ላይ ማተኮር ይሻላል። ክብደቱ በየሳምንቱ በጥቂቱ ይጨመራል፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሥራው ይቀንሳል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሜዳውን ሲያጨቀይ ፑል አፕንና መሰል የጂምናስቲክ ክህሎቶችን በቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል። ሩጫው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመለሳል፤ በታኅሣሥና በጥር ሁሉም ተቀላቅሎ እንደ ውድድሩ ይሠራል።

በዞኑ ብዙዎች የሚጾሙት ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የአምናው ዕቅድ ለዘንድሮ አይሠራም። በአሁኑ ጊዜ ጾሙ ከየካቲት ጋር ስለሚገጥም ከባዱ ሥልጠና ከጾሙ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል። በጾሙ ወቅት ልምምዱን አሳጥሮ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይመከራል። የኦፕን ልምምድ ሐሙስ ይፋ ሆኖ ውጤቱ እስከ ሰኞ ስለሚላክ በመሐል ያሉ ምሽቶች ይበቃሉ። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን በመሆኑ ቤተሰቡን በንግድ የሚረዳ ወጣት ያን ቀን ባይጠብቅ ይመረጣል።

ለጡንቻ ግንባታ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም መሆኑ ነው። ይህ ከባቄላ፣ ከምስር፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋና ከወተት ይገኛል፤ ይዘቱ በውል የማይታወቅ ዱቄት መግዛት ግዴታ አይደለም። እንዲህ ያለው ዱቄት የተከለከለ ንጥረ ነገር ሊኖርበት ይችላል፤ በምርመራ ሲገኝም «አላወቅሁም» የሚለው መልስ አትሌቱን ከተጠያቂነት ነጻ አያደርገውም።

ጫትን በሚመለከት በግልጽ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኙት ካቲንና ካቲኖን በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ አነቃቂዎች ናቸው። ክልከላው በመርሕ ደረጃ የሚጀምረው ከውድድሩ ዋዜማ ምሽት 5፡59 ቢሆንም፣ ቀደም ብሎ የተቃመው በሰውነት ውስጥ ቆይቶ በምርመራ ሊታይ ይችላል። ከውድድር ወቅት ውጪ መቃም በዚህ ሕግ ባያስቀጣም እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ የሥልጠናውን ፍሬ ያባክናል። ቴስቶስትሮንና ኢፒኦ ግን በማንኛውም ጊዜ፣ በዕረፍት ሳምንታት ጭምር፣ የተከለከሉ ናቸው።

በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ አትሌት መድኃኒቱ በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከኢትዮጵያ የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን መጠየቅ ይችላል። መድኃኒቱ በዝርዝሩ ውስጥ ካለና ሕክምናው የግድ ከሆነ፣ የሐኪሙን ማስረጃ አያይዞ ለሕክምና አገልግሎት የሚውል ልዩ ፈቃድ እንዲሰጠው ያመለክታል። ማመልከቻው ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀናት አስቀድሞ መቅረብ ስላለበት፣ ለየካቲት የሚዘጋጅ አትሌት ይህን በታኅሣሥ መጨረሱ ተገቢ ነው።