«ይህችማ እሷ አይደለችም!»

ከሥራ ወጥተው፣ በመንገድዎ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝተው፣ ወጡን ሠርተው፣ ልጆችዎን አብልተውና የቤት ሥራቸውን አሠርተው አረፍ ሲሉ አንዲት ትንሽ ደስታ ትጠብቅዎታለች። የሚከታተሉት ድራማ ሰዓት ደርሷል።

እስቲ ይህን ማታ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ቤት በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። የድራማው ዜማ ያበቃል፤ በሩ ይከፈታል፤ ዋናዋ ባለታሪክ ትገባለች። ስሟ ያው ነው። ቤቷም፣ ልጆቿም፣ ባሏም ያው ናቸው። ፊቷ ግን የሌላ ሴት ፊት ነው።

«እታለም፣ ይህች ደግሞ ማናት?» ትላለች አንዷ ጎረቤት።

«እሷው ናት አሉ፤ ሰው ቀይረው ነው።»

«ኧረ ወዲያ! ይህችማ እሷ አይደለችም!»

ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አረማመዷ ይተቻል፤ ድምፅዋ ይነቀፋል፤ «የፊተኛዋ እኮ ስትስቅ እንኳ ቤቱ ይሞላ ነበር» ይባላል። አዲሷ ተዋናይት ገና አሥር ቃል ሳትናገር ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል። ይህን የሰሙ ልጆችም ከምንጣፉ ላይ ሆነው «አስጠላችን!» ይላሉ።

ነገሩ ተራ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀረብ ብለን ስናየው ስለ ሥራ፣ ስለ ድካምና ስለ አዲስ ገቢ አቀባበል ብዙ የሚነግረን ነገር አለው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ጥቂት እንወያይበት።

ድምፅም እንደ ፊት ይለመዳል

የምዕራብ ጎጃም ሰው ይህን ስሜት ያወቀው በቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ማንኩሳ አለች። የማንኩሳን ስም ለመላው ኢትዮጵያ ያስተዋወቀው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ የተወለደው እዚያው ማንኩሳ ነው።

ይህን መጽሐፍ ማንበብ ያልቻለው ሕዝብ ግን ታሪኩን የሰማው በጆሮው ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ፣ የጉዱ ካሳ አነጋገር፣ የሰብለ ወንጌል ሐዘን ሁሉ ከአንድ ሰው ጉሮሮ ይወጣ ነበር። ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። በዚህም የተነሣ ለብዙ እናቶችና አባቶች ፍቅር እስከ መቃብር ማለት የወጋየሁ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

በቅርብ ዓመታት ታሪኩ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲቀርብ ምን ሆነ ቢሉ፣ ባለታሪኮቹ ፊት አበጁ። ነገር ግን ሬዲዮውን ሲያዳምጥ ያደገ ሰው ሁሉ የራሱን በዛብህና የራሱን ሰብለ ወንጌል በልቡ ሥሎ አስቀምጧል። ታዲያ አያት «የኔዋ ሰብለ እንዲህ አልነበረችም» ብትል ይፈረድባታል? አይፈረድባትም። የልጅ ልጇ ደግሞ ሰብለን መጀመሪያ ያየቻት በቴሌቪዥን ነውና ለእሷ እውነተኛዋ ሰብለ ይህችው ናት። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ሁለት ሰብለ ወንጌል ትኖራለች ማለት ነው።

ይህን ያህል የምንቆረቆረው ለምንድን ነው?

በየሳምንቱ ወይም በየማታው በአንድ ሰዓት ቤታችን የሚገባ ሰው እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ቡና ስናፈላ፣ በርበሬ ስንቀነጥስ፣ ልጅ ስናጠባ አብሮን አለ። ሳቁን፣ ኩርፊያውን፣ ሲዋሽ ዓይኑን የት እንደሚጥል እናውቃለን። ጎረቤታችንን እንኳ ይህን ያህል አተኩረን አናየውም። ስለዚህ ያ ፊት አንድ ቀን ሲጠፋ ያየነው ሁሉ ሐሰት መሆኑ ድንገት ትዝ ይለናል። የሚያናድደንም አንዱ ይኸው ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን «ሰው ለሰው» ያስታውሱ። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት የስንቱን ቤት ደም አፍልቷል! እንግዲህ በመካከሉ «ከዛሬ ጀምሮ አስናቀን ሌላ ሰው ይጫወተዋል» ቢባል ኖሮ ምን እንል ነበር? የምንጠላውን ሰው እንኳ ቢለውጡብን አንወድም።

የሁረም ሱልጣን ነገር

በአገራችን ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች በብዙ ቤት ተለምደዋል። እንግዲህ እዚያው ቱርክ ከተደረገው አንዱን እንንገርዎ።

«ታላቁ ምዕተ ዓመት» የተባለው ስለ ሱልጣን ሱሌይማን ዘመን የሚተርክ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በቱርክ ታይቷል። በምርኮ መጥታ የሱልጣኑ ሚስት ለመሆን የበቃችውን ሁረምን የተጫወተችው ሜሪየም ኡዘርሊ ነበረች። አባቷ ቱርካዊ፣ እናቷ ጀርመናዊት ሲሆኑ ተወልዳ ያደገችውም ጀርመን ነው። ከዚያ በፊት ብዙም የማትታወቀው ይህች ወጣት በአንድ ድራማ ስሟ በብዙ አገሮች ተጠራ።

ይሁንና በ2013 የሦስተኛው ዓመት ዝግጅት ሊያልቅ ሲል ሥራውን ትታ ወደ ጀርመን ሄደች። የሰጠችው ምክንያት ድካም ነው። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል፤ በየሳምንቱም ይህን የሚያህል ሥራ ተቀርጾ መድረስ አለበት። ሰውነቷና መንፈሷ መዛሉን ተናገረች። በተከታዩ ዓመት በየካቲት ሴት ልጅ ወለደች።

በቦታዋ የተተካችው ቫሂዴ ፐርቺን ናት። ኡዘርሊ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ፐርቺን ደግሞ ወደ ሃምሳ የተጠጋች ነበረች። የድራማው አራተኛ ዓመት የሚተርከው ሁረም ያረጀችበትን ዘመን ስለሆነ ዕድሜዋ ለታሪኩ የተስማማ ነበር። እንዲህም ሆኖ «ይህችማ ሁረም አይደለችም» ከመባል አልዳነችም። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ሁረም ታማ ስትሞት የታየችው በፐርቺን ፊት ነው።

እዚህ ላይ ውድ አንባቢያችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። እርስዎ በሥራ ቦታዎ ደክመው፣ ታመው ወይም አርግዘው ያውቃሉ? እንግዲያው ሜሪየም ኡዘርሊን በደንብ ይረዷታል። ተዋናይት ሠራተኛ ናት። ገጸ ባሕርይዋ አትደክምም፤ እሷ ግን ትደክማለች።

ጥፋቱ የማነው?

ሁለተኛውን ምሳሌ ከአሜሪካ እናምጣ። «ዳላስ» የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 የታየ፣ በዓለም ዙሪያ ተመልካች የነበረው ነው። የቤተሰቡ እናት ሚስ ኤሊ ትባላለች። እሷን ሆና የምትጫወተው ባርባራ ቤል ጌዲስ በ1983 የልብ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ በ1984ም ሥራውን ለቀቀች። በምትኳ የመጣችው ዶና ሪድ ናት። ዶና ሪድ ጀማሪ አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘች ሴት ናት።

ተመልካቹ ግን ሚስ ኤሊን በሌላ ሴት መልክ መቀበል አቃተው። በዓመቱ፣ በ1985፣ ቤል ጌዲስ ስትመለስ ዶና ሪድ ተሰናበተች። ውሉ ተጥሶብኛል ብላ ከሰሰች፤ ጉዳዩም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏት በስምምነት አለቀ። በጥር 1986 በቆሽት ካንሰር ሞተች። 64 ዓመቷ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ይፈልጉ። የታመመችው ቤል ጌዲስ ናትን? አይደለችም። «ነዪና ሥሪ» ተብላ የመጣችው ዶና ሪድስ? እሷም አይደለችም። ተመልካቹም የወደደውን መናፈቁ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የሁሉም ቅሬታ ተሰብስቦ ያረፈው በአዲስ ገቢዋ ራስ ላይ ነው። ሰው ተናድዶ የሚቆጣው ዘወትር አጠገቡ ያገኘውን ነውና።

መልካም አቀባበልም አለ

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። በእንግሊዝ አገር «ዶክተር ሁ» የተባለ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1963 ተጀመረ። ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው እየደከመ በመምጣቱ በ1966 ሥራውን ለቀቀ። አዘጋጆቹ ለውጡን ከመደበቅ ይልቅ የታሪኩ አካል አደረጉት። ባለታሪኩ የሰው ዘር ያልሆነ ፍጡር ስለሆነ፣ ሰውነቱ ሲያልቅ በአዲስ መልክ ይታደሳል አሉ። ፓትሪክ ትራውተን ተተካ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተፈራርቀውበታል። በ2018 ጆዲ ዊታከር የመጀመሪያዋ ሴት መሪ ተዋናይ ሆና ሙሉ ዝግጅት አቀረበች። ከ2023 እስከ 2025 ደግሞ ሩዋንዳ የተወለደውና በልጅነቱ ከዘር ጭፍጨፋው ሸሽቶ ስኮትላንድ ያደገው ንኩቲ ጋትዋ መሪነቱን ይዞ ነበር።

በእያንዳንዱ ለውጥ ቅሬታ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ተመልካቹ አንድ ነገር ለመደ፤ የፊተኛውን መውደድ አዲሱን መጥላት እንዳልሆነ።

ከቴሌቪዥኑ ወደ ቤታችን

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ባዕድ አገር ተዋንያን ለማውራት ብቻ አይደለም። በምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን ልጆች ያስታውሱ። እነሱ የሚያዩት ድራማውን ብቻ አይደለም፤ እኛንም ያያሉ። አንድ ሰው የሌላውን ቦታ ይዞ ሲመጣ እናታቸው ምን እንደምትል ይሰማሉ፤ የሰሙትንም ይይዛሉ።

ነገ የሚወዷት መምህርት ወደ ቡሬ ወይም ወደ ባሕር ዳር ተዛውራ አዲስ መምህርት ትመጣለች። ልጁ በመጀመሪያው ቀን «ይህችማ እሷ አይደለችም» ብሎ ደብተሩን ቢዘጋ ከማን ተማረው?

በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። በእነዚህ ወራት ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ያቺ ምትክ ሠራተኛ «እንዲያው የወይዘሮ እገሌን ያህል አልሆንሽም» እየተባለች ብትውል ሥራው ይበደላል። ወላዲቱም ብትሆን ቦታዬን ተቀማሁ እያለች ያለ ዕረፍት ታርሳለች።

ከሁሉ የከበደው ደግሞ የእንጀራ እናት ነገር ነው። እናታቸው የሞተችባቸው ልጆች ባሉበት ቤት ሌላ ሴት ስትገባ፣ ድስቱ ያው ነው፤ ምጣዱም ያው ነው፤ የምታነሣው እጅ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ «እሷ አይደለችም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ አይደለችምና። ዘመድና ጎረቤት በየጓዳው «የፊተኛዋ እኮ» እያለ ሲጨምርበት ግን ሐዘኑ ጥላቻ ይሆናል። ሴትዮዋ የሟችን ቦታ አልቀማችም። የመጣችው ባዶ የሆነ ቦታ ስላለ ነው። ልጆቹም እናታቸውን መርሳት የለባቸውም። ስሟ ይነሣ፤ ፎቶግራፏ ከግድግዳው አይውረድ። በዚያው ቤት አዲሲቱም የራሷን ወንበር ታግኝ።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ የሚከተሉትን ትንንሽ ልማዶች ከዚሁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ብንጀምራቸው መልካም ነው።

አንደኛ፣ አዲስ ተዋናይት ስትመጣ ጥቂት ክፍሎች እስክታልፍ ፍርድዎን ያቆዩ። ዓይን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሷም አካባቢውን እስክትለምድ እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ አጨዋወቷ ካልጣመዎት መንቀፍ መብትዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆችዎ ሲጠይቁ እውነቱን ይንገሯቸው። «ያቺኛዋ ደክሟት ይሆናል፤ ወልዳ ይሆናል፤ ሌላ ሥራ አግኝታ ይሆናል። ይህችኛዋ ደግሞ ሥራዋን እየሠራች ነው» ይበሏቸው። ገጸ ባሕርይና ሰው ሁለት መሆናቸውን ያወቀ ልጅ ክፉ ሰው ሆኖ የሚጫወተውንም ተዋናይ መንገድ ላይ ቢያገኘው አይሰድበውም።

ሦስተኛ፣ የፊተኛዋን ሲያመሰግኑ የኋለኛዋን አይስደቡ። ለአንዷ የሚሰጠው ምስጋና ከሌላዋ የሚቀነስ አይደለም። ይህ ለተዋናይትም፣ ለመምህርትም፣ ለእንጀራ እናትም ይሠራል።

የወጋየሁን ድምፅ የምታስታውስ አያት ያንን ድምፅ ከጆሮዋ ልታወጣው አትችልም፤ ልታወጣውም አይገባም። ይልቁንም ድራማው ሲያልቅ የልጅ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ያኔ በሬዲዮ የሰማችውን በራሷ አንደበት ትንገራት። ልጅቱም በቴሌቪዥን ያየችውን ለአያቷ ትንገራት። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት አይደለም? በአንድ ቤት ለሁለት ሰብለ ወንጌል የሚበቃ ቦታ አለ።