የአምቦ ውሃ በመጀመሪያ ደረጃ የሳይንስ ሙከራ

የአሲድና የቤዝ ትምህርት በብዙ ክፍሎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጀምሮ በዚያው ያበቃል። ለዚህ የሚቀርበው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የኬሚካል እጥረት ነው። ይሁን እንጂ በአምቦ አካባቢ ለሚያስተምሩ መምህራን ጠቃሚ የሙከራ ዕቃ ከደጃቸው ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሟሟበት የተፈጥሮ ውሃ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል በሚገኘው በሐሮ ወንጪ ሸለቆም የማዕድን ውሃ ምንጮች አሉ።

ስሕተቱ የሚጀምረው መምህሩ «የአምቦ ውሃ አሲድ ነው» ብሎ ሲያልፍ ነው። በእርግጥ ጋዙ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ደካማ የሆነውን ካርቦኒክ አሲድ ይፈጥራል። ነገር ግን በውሃው ውስጥ ባይካርቦኔትም አለ። ውሃው ለዐሥር ደቂቃ ያህል ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፤ የቀረው ውሃ ወደ ቤዝነት ያዘነብላል። በማፍያው ዕቃ ላይ የሚቀረው ነጭ ቅርፊትም በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እንግዲህ አንዱ ውሃ ሁለት መልስ ይሰጣል ማለት ነው፤ ተማሪው ሊያየው የሚገባውም ይኸው ነው።

ለአመልካችነት የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ይበቃል። በሎሚ ጭማቂ ይቀላል፤ በአመድ ውሃ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይለወጣል። ባልፈላው የአምቦ ውሃ ለውጡ እምብዛም ሲሆን፣ በፈላው ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። ቀይ ሥር ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ቀለሙ የሚለወጠው በብርቱ ቤዝ ብቻ ነውና።

የጋዝ መሠራጨትን ወይም ዲፊዩዥንን ለማሳየት፣ ክዳን ባለው ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ብርጭቆዎች ሳይነካኩ ይቀመጣሉ፤ በአንዱ አሁን የተከፈተ የአምቦ ውሃ፣ በሌላው የጠራ የኖራ ውሃ ይደረጋል። ጋዙ በአየር ውስጥ ተሠራጭቶ ሲደርስ የኖራው ውሃ ይደፈርሳል። የክፍል አየርም ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ የአምቦ ውሃ የተቀመጠበት ሁለተኛ ዕቃ ለማነጻጸሪያ ግድ ያስፈልጋል። ብዙ መምህራን የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ያለ እርሱ ግን ሙከራው ምንም አያስረዳም።

የኖራ ውሃ ዓይንን ስለሚጎዳ መምህሩ ራሱ ይቅዳው። ነጩ ስስ ሽፋን በመጀመሪያ በውሃው ገጽ ላይ ሲታይ፣ ከታች ሳይሆን ከላይ የጀመረበትን ምክንያት ተማሪዎቹ ማብራሪያው ከመሰጠቱ በፊት በደብተራቸው ይጻፉ።