አለት የሚያስቀረው ሰርፋክታንት፦ ከባሌ የኖራ ድንጋይ አንጻር

ነዳጅ በውኃ ግፊት ከተመረተ በኋላ በአለት ቀዳዳዎች የሚቀረውን ድፍድፍ አስሮ የሚይዘው በዋናነት የካፒላሪ ኃይል ነው። ሰርፋክታንት እንደ ሳሙና በነዳጁና በውኃው መካከል ያለውን የገጽ ውጥረት በመቀነስ ድፍድፉን ያስለቅቃል። ይሁን እንጂ ከፊሉ ነዳጁ ዘንድ ሳይደርስ በአለቱ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ይህም አድሶርፕሽን ይባላል።

የብክነቱን ክብደት በቀላል ስሌት መመልከት ይቻላል። 20 በመቶው ቀዳዳ የሆነ 1 ሜትር ኩብ የኖራ ድንጋይ እንውሰድ። የካልሳይት እፍጋት በሜትር ኩብ 2,710 ኪሎ ግራም ስለሆነ ጠጣሩ ክፍል 2,168 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እያንዳንዱ ግራም አለት 1 ሚሊ ግራም ሰርፋክታንት ቢይዝ ድምሩ 2.17 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ቀዳዳዎቹን የሚሞላው 200 ሊትር የ0.5 በመቶ ሙሙት ግን ያለው ሰርፋክታንት 1 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ የአለቱን ድርሻ ለማሟላት ብቻ ቀዳዳዎቹ ከሁለት ጊዜ በላይ መሞላት ይኖርባቸዋል።

መጠኑን ከሚወስኑት ዋነኛው የኤሌክትሪክ ሙል ነው። የአሸዋ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው ኳርትዝ በገለልተኛ ውኃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ አሉታዊ ሰርፋክታንትን ይገፋል። ካልሳይት ግን ካልሲየም በበዛበት ውኃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አዎንታዊ በመሆኑ ያንኑ ሰርፋክታንት ይስባል። ሶዲየም ካርቦኔት ሲጨመር የካልሳይቱ ገጽ ወደ አሉታዊ ስለሚለወጥ ልጥፈቱ ይቀንሳል፤ ዝቃጭ እንዳይፈጠር ግን ካልሲየሙ አስቀድሞ ከውኃው መወገድ አለበት።

በኦጋዴን ተፋሰስ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይም የሐማንሌይ ኖራ ድንጋይም ስለሚገኙ ልዩነቱ ለኢትዮጵያ ትርጉም አለው። ከሮቤና ከጎባ በስተ ምሥራቅ፣ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ በፈለፈለበት አካባቢ፣ የጁራሲክ ዘመን ኖራ ድንጋይ በገጸ ምድር ይታያል። ስፍራው የተከበረ በመሆኑ ናሙናው ከዋሻው ውጪ መወሰድ ይኖርበታል። ናሙናው ተፈጭቶ ከሙሙቱ ጋር ሲነቀነቅ፣ በፊትና በኋላ የሚለካው የሰርፋክታንት መጠን ልዩነት ልጥፈቱን ያሳያል። ሆኖም መፍጨት የገጽ ስፋትን ስለሚጨምር ውጤቱን ያጋንናል፤ ነዳጅ ነክቶት የማያውቅ አለትም የከርሰ ምድሩን አለት በቀጥታ አይወክልም።

ለልብስ ማጠቢያነት የኖረው እንዶድም ሳፖኒን ስላለው ለተመሳሳይ ሙከራ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስተዋሉት ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ዓሣንም ይጎዳል። ስለሆነም አለቱ ከሚያስቀረው መጠን ጋር፣ ከጉድጓዱ ተመልሶ የሚወጣው ውኃ የት እንደሚፈስ አብሮ ሊጠና ይገባል።