ሰፈር የሚመረጠው ሰኞ ነው!

አከራያችን ቤት ልቀቁ ስላሉን ሰፈር እየመረጥን ነው። አባዬ «አያት ሰፈር ኪራይ ይረክሳል» ብሎ እሁድ ይዞን ሄደ። መንገዱ ጭር ብሎ ስለነበር ቅርብ መሰለን። እዚያው አክስቴ ቤት አድረን ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት በታክሲ ስንነሳ ግን ልደታ የደረስነው ከተደወለ በኋላ ነው!

ስለዚህ አንደኛ፣ ሰፈር የሚታየው በሥራ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤት ጠይቁ፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሦስተኛ፣ ትራንስፖርቱን እዩ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በልደታ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። መነሻው ላይ ወንበር ይገኛል፤ መገናኛ ላይ ግን ግፊያ ነው።

ባቡሩ በሰዓቱ ካደረሰኝ ትምህርት ቤት አልቀይርም፤ ከእናንተም አልለይም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ካያችሁኝ ተሳክቶልኛል ማለት ነው። ቸር ይግጠመን!