ለዱር አሳማና ለከርከሮ መከላከያ የሚሆን ጠመንጃና ጥይት አመራረጥ

በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል፣ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በከፋ፣ ደን ዳር የሚያርሱ ገበሬዎች በቆሎው እሸት ከያዘበት ጊዜ አንስቶ እስከ መከር ድረስ ሌሊቱን በማማ ላይ ያሳልፋሉ። የዱር አሳማ መንጋ ገብቶበት ያደረ ማሳ በማግሥቱ ሲታይ አገዳው ተሰባብሮ፣ እሸቱ ተግጦ፣ የተረፈውም ተረጋግጦ ይገኛል። ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና እንሰትም ከጥፋቱ አያመልጡም። ጥበቃውም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ልጅ ጧት በትምህርት ገበታ ላይ ያንቀላፋል፤ አባቱም ለቀን ሥራ አቅም ያጣል።

በዚህ ምክንያት በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ትልቅ ጉልበት ያለው ጠመንጃ ሁሉ የተሻለ ነው ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ከዚህ የተለየ ነው። ጥሩ ምርጫ ማለት እንስሳውን በአንድ ተኩስ ለመጣል የሚበቃ፣ ነገር ግን እንስሳውን አልፎ የጎረቤትን ቤት የማይመታ ጥይት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉ መታወቅ አለበት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ስለሆነም ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ የሚሠራው ሁለቱም ፈቃዶች ከተገኙ በኋላ ብቻ ነው።

ሀ. እንስሳውን መለየት

በማሳ ላይ ጥፋት የሚያደርሱት የአሳማ ወገኖች በጠባያቸው ይለያያሉ።

የዱር አሳማ ቀኑን በጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ የሚወጣው ሌሊት ነው። በመንጋ ይሄዳል። ክብደቱ ከ50 እስከ 115 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሲሮጥ ጅራቱን ወደ ታች ይጥላል።

ከርከሮ በአንጻሩ የቀን እንስሳ ነው። ሌሊቱን በጉድጓድ ያድራል። ሲግጥ በፊት እግሮቹ ጉልበት ይንበረከካል፤ ሲሮጥ ጅራቱን እንደ ዘንግ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ወንዱ እስከ 150 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል።

ሦስተኛው ረጅም ጥቁር ጠጉር ያለው ግዙፉ የደን አሳማ ነው። ይህ በአብዛኛው ሣር በል ስለሆነ ከማሳ ጠላትነት ይልቅ የደን ሀብትነቱ ያመዝናል፤ ሊተኮስበት አይገባም።

ልዩነቱን ማወቅ ለጠመንጃ ምርጫም ይረዳል። ከርከሮን በቀን ብርሃን በ80 ወይም በ100 ሜትር ርቀት ለይቶ ማየት ይቻላል። የዱር አሳማን ግን ሌሊት በባትሪ ብርሃን በእርግጠኝነት ለይቶ ማየት የሚቻለው ብዙውን ጊዜ ከ40 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ነው። በደንብ በማይታይበት ርቀት ላይ የሚሠራ ጠመንጃ መግዛት ትርፍ የለውም።

ለ. ካሊበር ሲባል ምን ማለት ነው?

ካሊበር የጠመንጃው አፈሙዝ የውስጥ ስፋት ነው። በሚሊ ሜትር ይለካል። ይሁን እንጂ ካሊበሩን ብቻ ማወቅ አይበቃም። 7.62 ሚሊ ሜትር የሚባሉ ብዙ ዓይነት ጥይቶች አሉ። 7.62 በ39፣ 7.62 በ51 እና 7.62 በ54 ሲባል ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁን ርዝመት ያመለክታል። አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይተኮስም። ስለዚህ ጥይት ሲገዛ በጠመንጃው ላይና በቀለሁ ሥር ያለው ጽሑፍ ተነጻጽሮ መታየት ይኖርበታል።

ሾትገን የሚባለው የአደን ጠመንጃ አለካክ ደግሞ የተለየ ነው። «12 ቁጥር» የሚባለው በአፈሙዙ ልክ ከሚሠሩ የእርሳስ ድብልብሎች 12ቱ አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው። ስፋቱ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የ20 ቁጥር ጥይት ግን ከዚህ ያነሰ ነው። በስሕተት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ከኋላው ሌላ ጥይት ቢተኮስ ጠመንጃው ይፈነዳል። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ሐ. የጥይቶች ንጽጽር

የጥይት ጉልበት የሚመጣው ከአረሩ ክብደትና ከፍጥነቱ ነው። ጉልበቱ በጁል ይለካል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ቁጥሮች አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ግምት ያሳያሉ።

1. 5.6 ሚሊ ሜትር፣ በተለምዶ «ሃያ ሁለት» የሚባለው፦ አረሩ 2.6 ግራም፣ ጉልበቱ 140 ጁል ያህል ነው። ለአሳማ ፈጽሞ አይሆንም፤ አቁስሎ ይለቃል።

2. 5.56 በ45፦ አረሩ 4 ግራም፣ ጉልበቱ 1,700 ጁል ያህል ነው። ፈጣን ቢሆንም አረሩ ቀላል ነው። በትልቅ ወንድ ትከሻ ላይ አስተማማኝ ስላልሆነ አንመክረውም።

3. 7.62 በ39፣ ማለትም የክላሽንኮቭ ጥይት፦ አረሩ 8 ግራም፣ ጉልበቱ 2,000 ጁል ያህል ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ ለሁለቱም እንስሳት ይበቃል።

4. 7.62 በ51፦ አረሩ 9.5 ግራም፣ ጉልበቱ 3,300 ጁል ያህል ነው። ለእንስሳው ከበቂ በላይ ነው። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ በሰፈረበት ቀበሌ ግን አልፎ መሄዱ ያሠጋል።

5. 7.92 በ57፣ የአሮጌው ማውዘር ጥይት፦ አረሩ 12.8 ግራም፣ ጉልበቱ 3,700 ጁል ያህል ነው። ከላይ ስለ አራተኛው የተነገረው ለዚህም ይሠራል። በተጨማሪም ብዙዎቹ ጠመንጃዎች ያረጁ ስለሆኑ በጠመንጃ ባለሙያ ሳይታዩ መተኮስ የለባቸውም።

6. 12 ቁጥር ሾትገን በነጠላ የእርሳስ አረር፦ አረሩ 28 ግራም፣ ጉልበቱ 3,100 ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱ ቶሎ ስለሚቀንስ እስከ 40 ወይም 50 ሜትር ድረስ ብቻ ይታመናል። ወፍራም እንክብሎች ያሉት ጥይት ከሆነ ግን እንክብሎቹ ስለሚበታተኑ ከ25 ሜትር በላይ ሊተኮስ አይገባም። ለወፍ የሚሆነው ደቃቅ እንክብል ለአሳማ አይሠራም።

ከዚህ ንጽጽር እንደሚታየው፣ ሌሊት ከማማ ላይ ሆኖ የዱር አሳማን ለሚከላከል ማኅበር 12 ቁጥር ሾትገን ከነጠላ አረር ጋር የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ቀን ከርከሮን በሜዳ ለሚከላከል ደግሞ የ7.62 በ39 ዓይነት መካከለኛ ጥይት በቂ ነው። ከዚህ በላይ መሄድ ወጪንና አደጋን ከመጨመር በስተቀር ጥቅም የለውም።

መ. የአረሩ ዓይነት

ከካሊበሩ የማይተናነስ ጉዳይ የአረሩ አሠራር ነው። የውትድርና ጥይት አረር ጫፉ ድረስ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። እንስሳውን ሲመታ ሳይከፈት፣ ጠባብ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል። እንስሳው ወዲያው ስለማይወድቅ ጥሻ ገብቶ ይሞታል፤ ወይም ቆስሎ ይኖራል። ያለፈው አረር ደግሞ ገና ብዙ ጉልበት አለው። የአደን አረር ግን ጫፉ እርሳሱ የተገለጠ ስለሆነ ሲመታ ይከፈታል፣ ይሰፋል፤ ጉልበቱንም አብዛኛውን በእንስሳው ውስጥ ይጨርሳል። በሕጋዊ መንገድ እስከተገኘ ድረስ መመረጥ ያለበት ይህ ነው።

ሠ. ወዴት መተኮስ?

የአሳማ ልብና ሳንባ ወደ ፊት ተጠግተው፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ስለዚህ እንስሳው በጎኑ ሲቆም በፊት እግሩ መስመር ላይ፣ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ከተተኮሰ ሆዱን ይመታል። ሆዱን የተመታ አሳማ ሩቅ ይሄዳል፤ አደገኛም ይሆናል።

ከዚህ ይበልጥ ግን ከእንስሳው በስተጀርባ ያለውን ማየት ይገባል። የክላሽንኮቭ አረር ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የትልልቆቹ ጠመንጃዎች አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የማማ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ዐይኑ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ያለ ተኳሽ 40 ሜትር ርቆ የቆመን አሳማ ትከሻ ቢመታ፣ ያለፈው አረር ሜዳ በሆነ መሬት ላይ ከእንስሳው ኋላ 5 ሜትር ሳይሞላ አፈር ይገባል። መሬት ላይ ቆሞ የተኮሰ ሰው አረር ግን ወደ 15 ሜትር ይሄዳል፤ አፈሩንም በጣም ተጋድሞ ስለሚነካ ነጥሮ ሊነሣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሌሊት ከማማ በታች ሆኖ መተኮስ መከልከል አለበት።

የሚንቀሳቀስ ጥላ ወይም የሚንኮሻኮሽ አገዳ ዒላማ አይደለም። በአጠገቡ ባለው ማሳ ሌላ ጠባቂ አለ፤ ውኃ ለመቅዳት በጨለማ የምትነሣ እናት አለች። ስለሆነም ማኅበሩ ከሚከተሉት ደንቦች ውጭ ተኩስ እንዳይፈቅድ እናሳስባለን።

1. በአንድ ሌሊት አንድ የታወቀ ተኳሽ ብቻ ይኑር። ተራው በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ለጎረቤት ጠባቂዎችም ይነገር።

2. እያንዳንዱ ማማ የሚተኮስበት አቅጣጫ በቀን ታይቶ በችካል ይከለል። ቤት፣ መንገድና የውኃ መቅጃ ባለበት በኩል ጨርሶ አይተኮስ።

3. መላ አካሉ በባትሪ ብርሃን ያልታየ እንስሳ አይተኮስበት።

4. መጠጥ የቀመሰ ሰው ጠመንጃ አይያዝ። ልጅም አይያዝ።

5. ጠመንጃው ማማ ሲወጣና ሲወረድ ጥይቱ ይውጣለት።

ረ. ከተኩስ በኋላ

የቆሰለን አሳማ በሌሊት ተከትሎ ጥሻ መግባት ክልክል ነው። የታችኛው ክራንቻው እንደ ስለት ስለሆነ የሰውን ጭን ሊቀድ ይችላል። ጎሕ ሲቀድ ሁለት ዐዋቂዎች ሆነው ደሙን ተከትለው ይፈልጉት።

የአሳማ ሥጋ በአብዛኛው ሕዝባችን ዘንድ ስለማይበላ ሬሳው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ይጣላል። ይህ ጉዳት አለው። ከርከሮና የዱር አሳማ ራሳቸው ሳይታመሙ የአፍሪካን የአሳማ ቸነፈር ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ አሳማ የሚያረባ ሰው ቢኖር በሽታው ወደ እንስሶቹ ይተላለፋል። የእርሳስ ስብርባሪ ያለበትን ሥጋ የበላ ጥንብ አንሣም ይመረዛል። ስለዚህ ሬሳው ከውኃ ርቆ፣ ጅብ እንዳያወጣው ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀበር፤ ከላዩም ድንጋይ ይደረግበት።

ሰ. ጠመንጃ ብቻውን ማሳ አይጠብቅም

ከመንጋው አንዱ ቢወድቅ የቀሩት ለጥቂት ቀናት ይርቃሉ እንጂ አይቀሩም። ስለሆነም ጠመንጃው ከሌሎች ሥራዎች ጋር ሲጣመር ብቻ ይጠቅማል። ከማሳው ዳር እስከ 20 ሜትር ያለውን ቁጥቋጦ በደቦ መመንጠር፤ አሳማ ከተከፈተ ቦታ ይልቅ ከጥሻ ቀጥታ መግባትን ይመርጣልና። ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲዘሩና ማሳቸውን አያይዘው እንዲጠብቁ ማድረግ። በደን በኩል የእሾህ አጥር ማጠርና ቦይ መቆፈር። የደረሰውን በቆሎ በማሳ ላይ ሳያቆዩ ቶሎ መሰብሰብ። እነዚህ ከተሟሉ የሚተኮስበት ሌሊት ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል።

የልማት ሠራተኛው ስለ ጠመንጃ ሲጠየቅ በመጀመሪያ ማሳውን ዞሮ ይመልከት። አሳማው በየት በኩል እንደሚገባ፣ ከማማው እስከዚያ ስንት ሜትር እንደሆነ በገመድ ይለካ፤ ከዚያ ወዲያ የማን ቤት እንዳለ ይጠይቅ። የሚያስፈልገው የጥይት ዓይነት የሚታወቀው ከዚህ ልክ ነው። ልኩ ሳይወሰድ ጠመንጃ እንዲገዛ የሚጠይቅ ማኅበር ቢኖር፣ ገንዘቡን በቅድሚያ ለማማና ለአጥር እንዲያውል እንመክራለን።