ከፀሐይ ብርሃኗን ብቻ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በእግር የሚዘወሩት የስፌት መኪናዎች ድምፃቸው አይቋረጥም። የሚዘጋው የሰፊው ስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከስልኩ ጋር ኪስም አብሮ ይዘጋል። በቤት ውስጥ የሚሠራ የሶላር ቻርጀርን ማወቅ ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

ዕቃው ሦስት ነው፦ ባለ 10 ዋት ሶላር፣ ቮልት የምትቀንስ ትንሽ ቦርድ እና የዩ ኤስ ቢ መሰኪያ። ገበያ ላይ «12 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው ሶላር አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ 36 የሲሊከን ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ጥሩ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ድምሩ ሥራ ላይ 18፣ ምንም ሳይሰካበት ደግሞ ከ20 በላይ ይሆናል። ስልክ የሚፈልገው 5 ነው። ሶላሩን በቀጥታ ስልክ ላይ መሰካት ስልኩን ማቃጠል ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው ከ18 ወደ 5 ሲያወርድ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት በ7805፣ ማለትም በባለ ሦስት እግሯ ርካሽ ሬጉሌተር ነበር። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ግን ጥቂት ቆይቶ ጀርባዋን በጣት መንካት አልቻልኩም። 7805 የተረፈውን 13 ቮልት የምታስወግደው ወደ ሙቀት ቀይራ ነው፤ ከ10 ዋቱ ስልክ ዘንድ የሚደርሰው 3 እንኳ አይሞላም። ኤል ኤም 2596 የሚባለው ቺፕ ያለባት ቦርድ ግን ኤሌክትሪኩን በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ እየከፈተችና እየዘጋች በጥቅል ሽቦዋ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ቮልቱን ስታወርድ አምፔሩን ከፍ ታደርጋለች፤ 8 ዋት ያህሉም ስልኩ ዘንድ ይደርሳል። ባለ 4000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ባትሪ በጥሩ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ቦርዷ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን፣ አናቷ ላይም ከምስር ፍሬ ያነሰች ቡሎን አለች። ስልክ ሳይሰካ ሶላሩን ፀሐይ ላይ አድርገው፣ ቴስተሩን መውጫው ላይ አስይዘው፣ ቡሎኗን በቀጭን ካቻቢቴ ያዙሩ። መጀመሪያ ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል፤ አስር ጊዜ ቢያዞሩም እንደዚያው። ከዚያ ድንገት መውረድ ይጀምራል። 5.1 ላይ ያቁሙና ቡሎኗን በአንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ያሽጉ። ከዩ ኤስ ቢው ሽቦዎች ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ የርካሽ ገመድ ቀለም ስለሚያታልል ግን በቴስተር ያረጋግጡ። ነጩና አረንጓዴው እርስ በርስ ሲገናኙ ብዙ ስልኮች የተሰኩት ቻርጀር ላይ መሆኑን ይለያሉ።

የጀጎል መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ ሶላሩ መውጣት ያለበት ጣሪያ ላይ ነው። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ የአንዱ ሚናራ ጥላ ከሶላሩ ጠርዝ ጥቂት ሴሎችን ብቻ ቢሸፍን እንኳ፣ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ የሙሉው ጉልበት ይወድቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጣብቆ ማስተኛትም ኪሳራ ነው። ሴሎቹ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቁ ቁጥር በየዲግሪው ከመቶ ግማሽ ገደማ ያጣሉ፤ ነፋስ ከሥር እንዲያልፍ በእንጨት ከፍ ያድርጉት። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በሌላው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ አቧራውን ዝናብ እንዲያጥበው ብቻ ትንሽ አዘንብለው ያስተኙት። ደመና ሲመላለስ አንዳንድ ስልክ ከተቋረጠበት አይቀጥልም፤ ክረምት ላይ መጀመሪያ ፓወር ባንክ ሞልቶ ከዚያ ወደ ስልክ ማዞር ይሻላል።

ስልኩን ግን ከሶላሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቻርጅ ከተደረገ ዕድሜው ያጥራል፤ ሊያብጥም ይችላል። ረጅሙ ሽቦ ከሶላሩ እስከ ቦርዷ ያለው ይሁን፤ በ18 ቮልት ሲሄድ አምፔሩ ትንሽ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚባክነው ያንሳል። ቦርዷም ስልኩም ታች፣ ቀዝቀዝ ባለው የሐረሪ ቤት ነደባ (መደብ) ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ።