ጽንሱ ይመርመር ወይስ ይቅር?

እኛ ዘንድ እርጉዝ ሴት ስትታይ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይባልና ቀሪው ለፈጣሪ ይተዋል። ውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ቤት ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሐኪሙ «የጽንሱ ዘረመል ይመርመር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጭቅጭቁም ይጀመራል!

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የማውቃቸው ባልና ሚስት በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈው ሰነበቱ። እሷ «አውቄ ልዘጋጅ» ስትል፣ እሱ «ቢገኝበትስ ልታስወርጂው ነው?» ብሎ አፈጠጠ። ሁለቱንም በስልክ አዳመጥኳቸው። ለካስ ሁለቱም ፈርተዋል! እሷ ሳታውቅ መውለድን፣ እሱ አውቆ መወሰንን።

ለመሆኑ ምርመራው ምንድነው? ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናትየዋ ክንድ ደም ይቀዳል። በደሟ ውስጥ ከእንግዴ ልጁ የመጣ የዘረመል ቁርጥራጭ አለ። ይህንን ዴኒስ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ አደረጉ፤ በ2011 ደግሞ ምርመራው አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ዋለ። በዋናነት የሚፈለገው ዳውን ሲንድሮም ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን ማለት ነው። እናትየዋ በዕድሜ ስትገፋ ዕድሉ ይጨምራል፤ በ40 ዓመቷ ከ100 አንድ ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! የደሙ ውጤት ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። «ስጋቱ ከፍተኛ ነው» ተብሎ ምንም ሳይኖርበት የሚወለድ ልጅ አለ። ቁርጡ የሚታወቀው ከ15ኛው ሳምንት በኋላ የሽርት ውሃ በመርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ነው። መርፌው ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ውርጃ የማስከተል ስጋት አለው።

ባልየው ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ማወቅ ለማስወረድ ብቻ አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። አስቀድሞ ያወቀ ወላጅ የልብ ሐኪም ባለበት ለመውለድ ይዘጋጃል። ይህን ሲሰማ ለዘብ አለ። ሚስትም በተራዋ «መርፌው ይቅር ካልክ ይቅር» አለችው። በደሙ ብቻ ተስማሙ።

እኔ የምለው፣ መመርመርም አለመመርመርም መብት ነው፤ አልመረመርም ያለችም ሰነፍ እናት አትባልም። ግን ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን እናደርጋለን? ለማንስ እንነግራለን? ወረቀቱ ከመጣ በኋላ በድንጋጤ የሚደረግ ንግግር ፀብ ነው የሚሆነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?